መኪና በንፋስ ዋሻና በዳይኖ ላይ እንዴት ይፈተሻል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች፣ ማለትም ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ፣ የካፌ ወሬው ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ወሬው ደግሞ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይደርሳል። «ወረቀቱ 500 ኪሎ ሜትር ይላል፤ እኔ 400 እንኳን ሄጄበት አላውቅም።» ቀጥሎ «ሸወዱን» ይመጣል።

እውነት የሸወዱም አሉ፣ እነሱን ታች እናገኛቸዋለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ቁጥሩ የተለካበትን ክፍል አለማወቃችን ነው። የፈረስ ጉልበቱም፣ የነዳጅ ፍጆታውም፣ «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል» የሚባለውም የሆነ ክፍል ውስጥ ተለክቶ የወጣ ነው። ክፍሉ የራሱ ሙቀት፣ የራሱ ፍጥነት፣ የራሱ አየር አለው። ስለነዚህ ክፍሎች ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ሰብስቤ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የንፋስ ዋሻ የሚባለው ምንድን ነው?

መኪናው ቆሞ ንፋሱ የሚሮጥበት ቤት ነው። ዊንድ ተነል ይሉታል። ትልቅ ማራገቢያ አየሩን ይገፋል፣ አየሩ በጠበበ አፍ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነት ይጨምራል፣ ከዚያ መኪናው ላይ ያርፋል። ማራገቢያ ስል ጣራ ላይ የሚንጠለጠለውን እንዳታስቡ። ጄኔራል ሞተርስ በ1980 ሚሺጋን ውስጥ ዋረን ላይ የከፈተው ዋሻ ማራገቢያ ከጫፍ እስከ ጫፍ 13 ሜትር ነው። የአራት ፎቅ ቁመት በሉት።

መኪናው የቆመው ሚዛን ላይ ነው። ሚዛኑ ከወለሉ በታች ተቀብሯል። ንፋሱ መኪናውን ስንት ኪሎ ወደኋላ እንደሚገፋው፣ ስንት ኪሎ ከመሬት እንደሚያነሳው፣ ወደ ጎን እንደሚገፋው ሁሉ ያነባል። ወለሉ ስለሚዞር ንፋሱ ከጎን ሲመጣ የሚሆነውንም ያዩበታል።

ለዓይን ደስ የሚለው ግን ጭሱ ነው። አንድ መሐንዲስ ረጅም ቀጭን ዘንግ ይዞ ይገባል። ከዘንጉ ጫፍ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ልክ እንደ ዕጣን ጭስ ቀጭን። ጭሱ ኮፈኑን ተጠግቶ ይሄዳል፣ በፊት መስታወቱ ይወጣል፣ ጣራውን ይከተላል። ከኋላ መስታወቱ ጋ ሲደርስ ይበጣጠሳል። መሐንዲሱ የሚፈልገው ያንን ቦታ ነው። ጭሱ ከተበጣጠሰበት ጀምሮ መኪናው ከኋላው ባዶ፣ የሚሽከረከር አየር እየጎተተ ነው። መኪናን ወደኋላ የሚይዘው ፊቱን ከሚመታው ንፋስ ይልቅ ይሄ ከጀርባው ያለው ባዶ ነው።

ሌላው መሣሪያ ፕላስተር ነው። አዎ፣ ተራ ማሸጊያ ፕላስተር። የበሩን ክፍተት፣ የፊት መብራቱን ዙሪያ፣ የራዲያተሩን መግቢያ አንድ በአንድ እያሸጉ እያንዳንዷ ክፍተት ስንት እንደምታስከፍል ይለካሉ። ለምሳሌ ራዲያተሩ ሲሸፈን መኪናው ቀለል እንደሚለው ስለታወቀ ነው ዛሬ ብዙ መኪኖች አፋቸውን ራሳቸው የሚከፍቱትና የሚዘጉት።

ሲዲ 0.28፣ 0.30 የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

የቅርጽ ውጤት ነው። አየር አንድን ቅርጽ ለማለፍ ምን ያህል እንደሚቸገር የሚናገር ቁጥር። ሲያንስ ይሻላል። የዛሬ የቤት መኪኖች ብዙዎቹ ከ0.25 እስከ 0.35 ውስጥ ናቸው። የመርሴዲስ ኢኪውኤስ 0.20 ነው። ሉሲድ ኤር 0.197።

ግን ሲዲ ብቻውን ብዙ አይናገርም፣ ከፊት የሚታየው ስፋት አብሮ ይባዛል። ግዙፍ ባለ ሰባት ወንበር መኪና ጥሩ ሲዲ ይዞ ከትንሽ ካሬ መኪና የበለጠ አየር ሊገፋ ይችላል። ሻጭ ሲዲውን ሲነግራችሁ ስፋቱን የማይነግራችሁ ለዚህ ነው።

መሐንዲሶቹ እርስ በርስ ሲያወሩ 0.001ን «አንድ ካውንት» ይላሉ። «ዛሬ በስፖኪዮው ሦስት ካውንት አገኘን» ብሎ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አለ።

ቮልስ ክብ ናት፣ ለንፋስ ጥሩ መሆን አለባት አይደል?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ዓይን የሚሳሳትበት ቦታ ነው። የአዲስ አበባን ዳገት ለአሥርት ዓመታት የወጣችው ክቧ ቮልስ 0.48 አካባቢ ናት። ክብነቷ ከፊት በኩል ነው የሚያምረው። አየሩ ከጀርባዋ ቁልቁል ሲወርድ ቶሎ ይለቃታል፣ ጎልተው የወጡት ፓራፋንጎዎችና ራቁታቸውን የቆሙት መብራቶች ደግሞ እዚህም እዚያም ይበጠብጡታል።

አሁን የሚገርመው። ቮልስዋገን በ1940ዎቹ መጨረሻ ኮምቢዋን ሲነድፍ የመጀመሪያው ቅርጽ እንደ ዳቦ የተቆረጠ ሳጥን ነበር። ጀርመን ውስጥ ብራውንሽቫይግ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ያለው የንፋስ ዋሻ ውስጥ ሲገባ 0.75 አመጣ። በጣም መጥፎ ነው። ከዚያ ፊቱን አለዘቡት። መስታወቱን ለሁለት ከፍለው መሃሉን ወደፊት አሾሉት፣ የጣራውንም ጫፍ እንደዚያው። ውጤቱ 0.44 ሆነ። ሳጥኗ ኮምቢ ከክቧ ቮልስ በልጣ ወጣች!

ያቺ የምናውቃት ለሁለት የተከፈለች የኮምቢ ግንባር ለውበት የመጣች ይመስለን ነበር። ለካ የዋሻ ሥራ ናት።

ፍጥነት ስንጨምር ነዳጅ ለምን እንዲህ ይበላል?

የአየር ተቃውሞ በፍጥነት ስኩዌር ያድጋል፣ ያንን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ በኪዩብ። ሒሳቡ ከሰለቻችሁ በምጣድ ላስረዳ። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል እንበል። መካከለኛ የቤት መኪና፣ ሲዲ 0.30፣ የፊት ስፋት 2.2 ስኩዌር ሜትር፣ ባሕር ወለል ላይ፦

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ላይ አየሩን ለመግፋት 1 ኪሎ ዋት ይበቃዋል፣ አንድ ምጣድ እንኳን አይሞላም። በ100 ላይ 8.7 ኪሎ ዋት፣ ሁለት ምጣድ ተኩል። በ120 ላይ 15 ኪሎ ዋት፣ ከአራት ምጣድ በላይ። ከ100 ወደ 120 የጨመራችሁት ፍጥነት 20 በመቶ ነው፤ የአየሩ ሒሳብ ግን 73 በመቶ ዘለለ።

ከተማ ውስጥ ግን ንፋሱን እርሱት። ከሜክሲኮ ቦሌ በጃም ለሚሄድ ሰው ክብደትና ፍሬን አረጋገጥ ናቸው ወሳኙ።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት። ይሄ ለውጥ ያመጣል?

በጣም። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው መልካም ዜና ነው፤ መኪናችሁን የሚይዘው አየርም በሩብ ቀለለ። ያ በ100 ላይ 8.7 ኪሎ ዋት የፈለገው መኪና እዚህ 6.5 ገደማ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ግን ቤንዚን ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። አየሩ ሲሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ወረቀቱ ላይ 100 ፈረስ ያለው እንጦጦን ሲወጣ 75 ፈረስ ይዞ ነው። «አዲስ አበባ ሲገባ መኪናው ሰነፈ» የሚሉ የቆላ ሹፌሮች ልክ ናቸው። ቱርቦ ያለው አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ያስመልሳል። ኤሌክትሪክ ሞተር ጭራሽ አይተነፍስም፣ ስለዚህ ጉልበቱ አይነካም። ቀላሉን አየር ብቻ ይወስዳል። በዚህ በኩል አዲስ አበባ ለኤሌክትሪክ መኪና የተሠራች ከተማ ትመስላለች።

መኪናው ቆሞ፣ ጎማው ቆሞ እንዴት እውነተኛ ልኬት ይገኛል?

ልክ ናችሁ፣ አይገኝም ነበር። መንገድ ላይ መሬቱም ከመኪናው ሥር ይሮጣል፣ ጎማውም ይሽከረከራል። የቆመ ወለል ላይ አየሩ መሬቱን ተጣብቆ ስለሚዘገይ ከመኪናው ሆድ ሥር ያለው ልኬት ይበላሻል። ስለዚህ አዳዲሶቹ ዋሻዎች ወለላቸው የሚሮጥ ቀበቶ ነው። ኖርዝ ካሮላይና፣ ኮንኮርድ ውስጥ በ2008 የተከፈተው ዊንድሺር መኪናውን በአንድ ሰፊ የብረት ቀበቶ ላይ ያቆመዋል፤ ቀበቶው በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሮጣል። ሆንዳ ኦሃዮ ውስጥ በ2022 የከፈተው ደግሞ ከ310 ያልፋል። 124 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል።

ቸርኬ መቀየር ፍጆታ የሚቀይረውም ለዚሁ ነው። ጎማና ቸርኬ ከጠቅላላው የአየር ተቃውሞ ሩብ ያህሉን ይይዛሉ። ያ ሁሉ ቀዳዳ ያለው የሚያብለጨልጭ ቸርኬ አየሩን እንደ ማራገቢያ ይመታዋል። የኤሌክትሪክ መኪኖች ቸርኬ እንደ ድስት ክዳን ደፈን ያለው ስለማያምር አይደለም... እሺ፣ ስለማያምርም ነው፤ ግን ይሠራል።

ዋሻው የሚለካው ቁጠባን ብቻ ነው?

ደኅንነትም አለ። በ1998 የወጣው የመጀመሪያው አውዲ ቲቲ የዚህ ምሳሌ ነው። ጀርባው እንደ ጀልባ ተገልብጦ የተሠራ፣ ንድፉ የተወደደለት መኪና ነበር። ጀርመን አውቶባን ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ሰዎች መቆጣጠር አቅቷቸው አደጋ ደረሰ። አየሩ በዚያ ለስላሳ ጀርባ ላይ ሲያልፍ የኋላውን ጎማ ከመሬት እያነሳው ነበር። አውዲ መኪኖቹን መልሶ ጠራና ከኋላ ትንሽ ክንፍ ገጠመላቸው፣ ሌላም ማስተካከያ አደረገ።

ድምፅም ይለካል። መርሴዲስ በ2013 ጀርመን ውስጥ ሲንደልፊንገን ላይ የከፈተው ዋሻ ንፋሱ በሰዓት 265 ኪሎ ሜትር ድረስ ሲነፍስ የመኪናው መስኮት ጋ የሚሰማውን ፉጨት ለመስማት ታስቦ የተሠራ ነው።

ጣራ ላይ ዕቃ መጫኛ፣ መስኮት መክፈት፣ የፒክአፕ የኋላ በር... የትኛው ይጎዳል?

ፖርቶመጋላው ከሁሉም ይብሳል። የአሜሪካ መንግሥት ላቦራቶሪ ባደረገው ልኬት ጣራ ላይ የሚታሰር የዕቃ ሳጥን በፈጣን መንገድ ላይ ፍጆታን ከ10 እስከ 25 በመቶ ያባብሳል። ከተማ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ብቻ። ለፋሲካ ገጠር ሄዳችሁ ከተመለሳችሁ አውርዱት።

መስኮት፦ በዝግታ ክፈቱ፣ በፍጥነት ዝጉ። ፒክአፕ፦ የኋላውን በር መክፈት አየሩን «ያሳልፈዋል» የሚለው ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው። ዋሻው በአብዛኛው ተቃራኒውን ያሳያል። በሩ ሲዘጋ ጭነት ሳጥኑ ውስጥ የሚሽከረከር አየር ይቀመጥና ከላይ የሚያልፈው በእሱ ላይ ተንሸራቶ ይሄዳል።

ዳይኖ ምንድን ነው? ቦሎ ለማሳደስ ስንሄድ ጎማ የሚገባበት ሮለር ነው?

ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ቴክኒክ ምርመራ ላይ የምታዩት ሮለር ሥራው ፍሬን መለካት ነው፤ እሱ ጎማውን ያሽከረክራል፣ እናንተ ትይዛላችሁ። ዳይኖ ተቃራኒው ነው። መኪናው ሮለሩን ያሽከረክራል፣ ሮለሩ ይቃወማል። የላቦራቶሪው ሮለር ትልቅ ነው፣ 1.22 ሜትር ስፋት ያለው ከበሮ፣ ወለሉ ውስጥ ተቀብሮ አናቱ ብቻ ይታያል። ፊት ለፊት ሞተሩ እንዳይግል ማራገቢያ ይቆማል። መኪናው በሰንሰለት ወይም በገመድ ይታሰራል። ሹፌሩ ፊት ስክሪን አለ፤ ስክሪኑ ላይ የፍጥነት መስመር ይሮጣል፣ እሱም እንደ ቪዲዮ ጌም ያንን መስመር መከተል ነው ሥራው። ግማሽ ሰዓት። ከመስመሩ ከወጣ ፈተናው ይሰረዛል።

ነገሩ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ደ ፕሮኒ በ1821 የሞተርን ዘንግ በእንጨት መንጋጋ ነክሶ የመጠምዘዝ ጉልበቱን ለካ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ፍሩድ በ1877 በውኃ የሚቃወም ሠራ። ዛሬ የሚቃወመው ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሒሳቡ ግን አልተለወጠም፦ የመጠምዘዝ ጉልበቱን በኒውተን ሜትር፣ በደቂቃ ዙሩ አባዝተህ ለ9,549 ስታካፍል ኪሎ ዋት ይወጣል። 150 ኒውተን ሜትር በ4,000 ዙር ላይ 63 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 85 ፈረስ ነው።

ከሞተር እስከ ጎማ ስንት ይጠፋል?

የቤንዚን መኪና ከነዳጁ ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው አንድ አምስተኛ ገደማ፣ ቢበዛ ሩብ ነው። ቀሪው አብዛኛው በራዲያተርና በማርሚታ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ኤሌክትሪክ መኪና በፍሬን የሚመልሰውን ጨምሮ ወደ 90 በመቶ ይጠጋል።

ሞተሩ ከሰጠው ውስጥ ደግሞ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻልና ኩሽኔታዎች የድርሻቸውን ይወስዳሉ። ጥሩ የተሠራ ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ የሚያጠፋው ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ይደራረባል፤ ዘይቱን ማማሰል፣ ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘው ጎማ መፋተግ ይጨመርበታል። በተለምዶ ለፊት ጎማ ነጂ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይባላል።

ይህን የሚለኩበት መፈተሻ መቆሚያ (ቴስት ቤንች ይሉታል) ከመኪናው ውጭ ነው። ካምቢዮው ብቻውን ይታሰራል። በአንድ በኩል ኤሌክትሪክ ሞተር ያሽከረክረዋል፣ በሌላው በኩል ሌላ ይቃወመዋል። የገባው 100 ኪሎ ዋት፣ የወጣው 97። ሦስቱ የት ገባ? ካምቢዮውን በእጃችሁ ንኩት። ሦስት ኪሎ ዋት የጋለ ምጣድ ነው። የኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ ውስጥ እንዳለው ኤቪኤል ያሉ ኩባንያዎች ከዚህም አልፈው የመኪናውን ጎማዎች አውጥተው በየእግሩ አንዳንድ ሞተር የሚገጥሙ መፈተሻዎች ይሠራሉ፤ መኪናው ዳገት፣ በረዶ፣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ያለ ይመስለዋል፣ ከክፍሉ ሳይወጣ።

ሁለት ቦታ ተለክቶ ሁለት የተለያየ ፈረስ መጣ። የቱን ልመን?

መጀመሪያ «የተስተካከለ ነው ያልተስተካከለ?» በሉ። ዳይኖ ያነበበውን ወደ መደበኛ አየር ይቀይራል። የአሜሪካው የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር (ኤስኤኢ) ደንብ 25 ዲግሪ ሙቀትና 990 ሄክቶፓስካል የአየር ግፊት ይላል። አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት 770 አካባቢ ነው። ማስተካከያው ከሩብ በላይ ይጨምራል ማለት ነው፤ ደንቡ ራሱ ግን ከ7 በመቶ በላይ ማስተካከል አይመከርም ይላል። ስለዚህ ከፍታ ላይ «ተስተካክሎ» የመጣ ትልቅ ቁጥር የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን የማባዣው ጉልበት ሊሆን ይችላል። ያው መኪና፣ ያው ዳይኖ፣ በፊትና በኋላ ቢለካ ግን ልዩነቱ እውነት ነው። ዳይኖ ለንጽጽር ነው የሚጠቅመው።

ሮለር ላይ ንፋስ የለም። ታዲያ እንዴት ፍጆታ ይለካበታል?

መንገዱን ተሸክመው ያመጡታል። ዘዴው መልቀቅ ነው። መኪናውን ረጅም ሜዳ መንገድ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ያስሮጡታል፣ ከዚያ ማርሹን ዜሮ ያደርጉትና ይለቁታል። በራሱ ጊዜ ፍጥነቱ እየቀነሰ ይቆማል። ቶሎ ከቆመ ተቃውሞው ብዙ ነው፤ ከቆየ ትንሽ ነው። ከዚያ የፍጥነት አቀናነስ ሦስት ቁጥር ያወጡና ለሮለሩ ይሰጡታል፣ ሮለሩም በየፍጥነቱ ያንን ያህል ይቃወማል።

ማጭበርበር የሚገባው እዚህ ጋ ነው። እነዚያ ሦስት ቁጥሮች ትንሽ ዝቅ ከተደረጉ ሮለሩ ለመኪናው ቀላል መንገድ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ፈተናው እንከን ባይኖረውም ውጤቱ ውሸት ነው። በ2012 ሀዩንዳይና ኪያ አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ልኬት ስሕተት የተነሳ ለ900,000 ያህል መኪኖች «በአንድ ጋሎን ይህን ያህል ይሄዳል» ያሉትን ቁጥር ዝቅ ለማድረግ ተገደዱ፤ በ2014 ደግሞ 100 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፈሉ። በ2016 ሚትሱቢሺ ጃፓን ውስጥ የ625,000 ትናንሽ መኪኖችን ቁጥር ማጭበርበሩን አመነ።

መኪናው ፈተና ላይ መሆኑን ሊያውቅ ይችላል?

አውቆ ያውቃል! ቮልስዋገን በዚህ ነው የተያዘው።

በ2013 የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሦስት የናፍጣ መኪኖች ያዙ፣ ሁለቱ ቮልስዋገን፣ አንዱ ቢኤምደብሊው። ሐሳባቸው ማንንም ለመያዝ አልነበረም። የአሜሪካ ንጹሕ ናፍጣ እንዴት እንደሚሠራ ለአውሮፓ ለማሳየት ነበር። ቮልስዋገኖቹን ካሊፎርኒያ ላቦራቶሪ ውስጥ ሮለር ላይ አወጧቸው። ሁለቱም አለፉ። የጭስ መለኪያውን ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ጭነው፣ ከኋላ ቱቦ ዘርግተው፣ ሦስቱንም ይዘው ወደ መንገድ ወጡ። ከቮልስዋገኖቹ አንዷ፣ ጄታ የምትባለው፣ ከተፈቀደው ከ15 እስከ 35 እጥፍ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ተፋች። ቢኤምደብሊው በአብዛኛው ደኅና ነበር። መጀመሪያ መሣሪያቸው የተበላሸ መሰላቸው።

ምሥጢሩ በመስከረም 2015 ወጣ። የቮልስዋገን ኮምፒውተር መሪው ሳይዞር ጎማው እንደሚሽከረከር፣ ፍጥነቱ የፈተናውን መስመር እንደሚከተል፣ ሞተሩ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ የአየሩን ግፊት ሁሉ ያያል። «ይሄ ፈተና ነው» ካለ የጭስ ማጣሪያውን ሙሉ ያበራል። መንገድ ላይ ሥራውን ይቀንስበታል። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን መኪኖች ይህ ነበረባቸው። ኮምቢን በንፋስ ዋሻ ያስተካከለው ያው ኩባንያ ነው። አውሮፓ ከ2017 ጀምሮ መለኪያውን መኪናው ላይ ጭኖ መንገድ ላይ መፈተን ግዴታ አድርጋለች።

ታዲያ የእኔ ኤሌክትሪክ መኪና ለምን ወረቀቱ ላይ ያለውን አይሄድም?

ወረቀቱን ገልብጡና የፈተናውን ስም ፈልጉ። ከቻይና በቀጥታ የመጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሲኤልቲሲ ነው። ይሄ ፈተና አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር፣ ከፍተኛው 114 ነው። የአውሮፓው ደብሊውኤልቲፒ አማካዩ 46.5፣ ከፍተኛው 131 ነው፤ በ30 ደቂቃ 23 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አሜሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ የተገኘውን ርቀት አብዛኛውን ጊዜ በ0.7 አባዝታ ነው የምትለጥፈው። ስለዚህ ያው መኪና ቻይና ትልቅ፣ አውሮፓ መካከለኛ፣ አሜሪካ ትንሽ ቁጥር ይዞ ይሸጣል። ቨርጂኒያ ያለው ወንድማችሁ «የእኔ የተጻፈውን ይሄዳል» ቢላችሁ አትቅኑ።

ከተማ ውስጥ በዝግታ ለሚነዳ አዲስ አበቤ የቻይናው ቁጥር ያን ያህል ሩቅ አይደለም። አየሩ ቀላል ነው፣ ባትሪ የሚያደነዝዝ ውርጭ የለም። ችግሩ የሚመጣው ወደ አዳማ ስትወጡ ነው። በ120 የሚነዳ ሰው የቻይናው ፈተና ጨርሶ ያልደረሰበት ፍጥነት ላይ ነው።

ዳገቱም አለ። ከአዳማ እስከ አዲስ አበባ 650 ሜትር ያህል ከፍታ ትወጣላችሁ። ሰው የጫነ 2,200 ኪሎ መኪና ያንን ለመውጣት ብቻ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፣ ሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ሊያስኬደው የሚችል። ሲወርድ ከፊሉን ያስመልሳል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ስለዚህ ስትሄዱ የታየውን ፐርሰንት አይታችሁ «በዚያው ልክ እመለሳለሁ» አትበሉ።

ለከባድ መኪና የንፋስ ነገር ይጠቅማል?

አውሮፓና አሜሪካ በጣም። ኦታዋ የሚገኘው የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ተቋም 9 ሜትር በ9 ሜትር የሆነ ዋሻ አለው፣ የጭነት መኪና ይገባበታል። እኛ ጋ ግን ልከኛ እንሁን። 40 ቶን የጫነ መኪና በ60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የጎማው ተቃውሞ ከአየሩ ሁለት እጥፍ በላይ ነው። በ90 ሲሄድ ነው የሚተካከሉት። ለጅቡቲ መስመር ሹፌር ለንፋስ ተብሎ ከመኪናው ጎን ከሚገጠም ልባስ በፊት የጎማ ንፋስ ይቅደም። የሚርገበገብ ሸራ ግን ጥብቅ አድርጎ ማሰር ምንም አያስወጣም።

እኔ ራሴ መሞከር እችላለሁ?

ያንን የመልቀቅ ፈተና ትችላላችሁ። ሜዳ የሆነ፣ ቀጥ ያለ፣ መኪና የማይበዛበት መንገድ፣ ንፋስ በሌለበት ማለዳ። ከጎናችሁ ሰዓት የሚይዝ ሰው ይኑር። 85 ድረስ ንዱ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ሞተሩን ግን በፍጹም አታጥፉ፤ ፍሬኑና መሪው ይጠነክራሉ። ከ80 ወደ 60 ለመውረድ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ ያዙ። ዞራችሁ በተቃራኒው አቅጣጫ ድገሙት፣ ያለበለዚያ ዓይን የማያየው ቁልቁለት ይሸውዳችኋል። የሁለቱን አማካይ ውሰዱ።

ተራ የቤት መኪና 25 ሴኮንድ አካባቢ ቢመጣ ደኅና ነው። ከዚያ የጎማውን ንፋስ ሞልታችሁ ድገሙት። ከዚያ ፖርቶመጋላውን አውርዳችሁ። ሦስት ሴኮንድ ስትጨምሩ የሚሰማው ደስታ ያ መሐንዲስ በሦስት ካውንት የሚሰማው ነው። ከ25 በጣም አንሶ 15 ከመጣ ግን ቆማችሁ ቸርኬዎቹን በእጅ ቀረብ አድርጋችሁ ፈትሹ፤ ከአራቱ አንዱ ብቻ ከጋለ፣ እዚያ ጎማ ላይ ፍሬኑ አልለቀቀም።